ለአንድ ምንሽር ያዘዝኩት መድኃኒት

ቆቦ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ከክፍል ውጭ የሚጠየቀው ይበዛል። ጀሪካን ውስጥ የከረመ ውሃ ለምን ይሸታል? እህል ላይ የሚነሰነሰው የነቀዝ መድኃኒት ሰው ይገድላል ወይ? የባጃጅ ባትሪ ላይ የሚበቅለው ነጭ ዱቄት ምንድን ነው? እኔ ደግሞ መጠየቅ እወዳለሁ። "አላውቅም" የሚባለው ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀርብኛል። ከደጋው ጎጃም ተመድቤ ወደዚህ ሞቃት ሜዳ ስወርድ አንድ ሻንጣ ይዤ ነበር፤ ኩራቴን ግን ሁለት ሻንጣም አይችለውም። ስለዚህ አከራዬ መስከረም ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጠመንጃ ይዘው በሬ ላይ ቆመው "መምህር፣ የዚህን አፍ የሚያጠራ ምን ይሻላል?" ሲሉኝ ከመደንገጤ በፊት ደስ አለኝ።

አከራዬ ስድሳን ያለፉ፣ በሮቢት በኩል ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ፣ ቀጭንና ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠመንጃ እንዳላቸው አላየሁም ነበር። ምንሽር ነው፣ አሮጌ፣ ሰደፉ ከእጅ ብዛት የጠቆረ። ጥይት እንደሌለበት አሳዩኝና የኋላ ብረቱን ስበው አውጥተው ሰጡኝ። በርሜሉን ወደ ፀሐይ አቅንቼ ባንድ ዓይኔ አየሁ። ንጹሕ በርሜል ሲያዩት በውስጡ የሚዞሩት መስመሮች ያብረቀርቃሉ። ይሄኛው ምድጃ ላይ የከረመ ድስት ቂጥ ይመስላል፤ ጥላሸቱ ተጋግሮበታል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ አረንጓዴ ነገር ይዞታል።

"ከተተኮሰ በኋላ በጊዜው ጨርቅ አልገባበትም" አልኩ፣ እንደ ሐኪም።

"አልገባበትም።"

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ክረምት" አሉና መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረበት ሦስተኛ ጥያቄ ነበር፤ ማን ተኮሰው? አልጠየቅሁም። እኔን ያስጨነቀኝ ጥላሸቱ ነው። ሰሞኑን ያደረጉትን ሁሉ ነገሩኝ። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ በዘንግ ገፍተው አውጥተውበታል። ነጭ ጋዝ አፍስሰውበታል። አባታቸው ያደርጉ እንደነበረው ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ላይ አውለውታል፣ ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ሞክረዋል። ጨርቁ ጠቁሮ ይወጣል፣ በርሜሉ ግን ያው ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ባለሱቅ ደግሞ "በረኪና የማያስለቅቀው የለም" ብሎ አንድ ጠርሙስ ሸጦላቸዋል፤ ጠርሙሱን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ።

"ይሁን ወይስ አይሁን? ብረት ነውና ፈራሁ።"

ፍርሃታቸው ልክ ነበር። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ቅባት ያላላሉ እንጂ የደረቀ ጥላሸት አይነቅሉም። ባሩድ ትቶት የሚሄደው ጨው ደግሞ በዘይት አይወጣም፤ የፈላ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። አረንጓዴው ከጥይቱ የተፋቀ መዳብ ነው፣ እሱን የሚያሟሟው አሞኒያ ነው። በረኪና ግን የብረት ጠላት ነው። ሌሊቱን ቢያድርበት ብረቱን ይበላዋል፣ ዝገቱም ተመልሶ የማይሞላ ጉድጓድ ይተዋል። ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ልይ ብዬ "እስከ ነገ አይንኩት" አልኳቸው።

"እስከ ቅዳሜ መድረስ አለበት" አሉ ሲሄዱ።

"ቅዳሜ ምን አለ ጋሼ?"

"ጉዳይ አለኝ።"

ይህችን መልስ ሰምቼ ነው ነገሩን መፍተል የጀመርኩት።

እዚያ ቤት ደም እንዳለ አውቃለሁ። ገና ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የአገሩ ሰው፣ በግማሽ አፉ ነግሮኛል። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በተራ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ በዚያ ተራ ላይ ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞቷል። "ያንተ አከራዮች ጉዳይ ነው፣ እንዳትጠይቃቸው" ብሎኝ ወሬ ለወጠ። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ በዓይኔ ያየሁትን እየለቃቀምኩ የራሴን ታሪክ ሠራሁ። አከራዬ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ከጠቡ ወዲህ የለም። የሱ ክፍል ተቆልፏል፣ ባለቤታቸው በየሳምንቱ ከፍተው ይጠርጉታል፣ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነው። ስሙ አይነሣም። አከራዬ እህላቸውን ጎብዬ ገበያ ወስደው አይሸጡም፣ ሠርግ ቤት አይቀመጡም፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ ነው። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ወንድማቸው ተገድሎባቸዋል፤ ገዳዩን እስኪያገኙ አንገታቸውን ደፍተው ቀን ይጠብቃሉ። አሁን ሁለት ክረምት ሙሉ ያልተነካ ምንሽር ወረደ፣ ቅዳሜም ቀን ተቆረጠ። አንድ ሰው ቅዳሜ ሊሞት ነው፣ እኔ ደግሞ ጥይቱ የሚሄድበትን መንገድ እያጠራሁ ነው።

ያን ምሽት አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ። ሄጄ ለሕግ ልናገር? እንኳን በዚህ ዘመን በደኅናውም ጊዜ የጠመንጃ ነገር ተጠቁሞ መጨረሻው አይታወቅም፤ ያለ ልጅ የቀሩትን ሽማግሌ አሳልፌ ልሰጥ ነው። ዝም ልበል? የሚሞተው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ገና ሳይሞት ሸክሙ ከበደኝ። ፊት ለፊት "ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?" ብዬ መጠየቅም ነበር። "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ" የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። የሰውን ቁስል መንካት ነውር መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቤተ ሙከራችን በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፤ ማይክሮስኮፑ፣ ሚዛኑ፣ በርጩማው ሳይቀር ሄዷል። ቁምሳጥኑ ውስጥ የቀረው ሽታው ዘራፊውን ያባረረ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ብቻ ነው። አሞኒያ። ክዳኑን ላላ ሳደርገው ዓይኔ አነባ። ለዚያ በርሜል የሚሆነው መድኃኒት እጄ ላይ ነበር። ክዳኑን አጠበቅሁና ወደ ቦታው መለስኩት።

ቤት ስደርስ አከራዬን "በረኪናው ጥሩ ነው" አልኳቸው።

እንዴት እንደሚያደርጉት አንድ በአንድ አዘዝኳቸው። የበርሜሉን አንድ ጫፍ በጎማ ይድፈኑት፣ በረኪናውን እስካፉ ይሙሉት፣ እስከ ነገ ከሰዓት ይተዉት። ሲያፈሱት ውሃ አያስነኩት፣ በጨርቅም አይውለውሉት። አየር እንዳይገባው ወዲያው ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ ደፍነው እስከ ቅዳሜ ያቆዩት፣ ከፍተውም አይዩት። ይህ የመጨረሻው ከራሴ የወጣ ፈጠራ ነው። ቢያዩት ያውቁብኛል። በሆዴ ግን ተደስቼ ነበር። የዛገ በርሜል ቢተኩስም ይስታል፤ ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይታሰር፣ አንድ መምህር በአንድ ጠርሙስ ደም አስቀረ። ራሴን ከጀግና ቆጠርኩት።

አከራዬ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አላህ ኸይሩን ይክፈልህ መምህር። ይህ ነገር አሳስቦኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። የተማረ ሰው በግቢዬ ማኖሬ ለዚህ ቀን ኖሯል።"

እጄን ሳሙኝ። ሽማግሌ እጄን ሲስመኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በረፋዱ ከክፍሌ ስወጣ አከራዬ የሉም። ባለቤታቸው የተቆለፈውን ክፍል ከፍተው ፍራሹን አውጥተው ድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ ያሰጡታል፤ በዘንግ እየመቱ አቧራውን ያራግፉታል፣ ከንፈራቸው ውስጥ ዜማ አለ። በሁለት ዓመት ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም።

"እንግዳ አለ እንዴ እትዬ?"

ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ። "ከእንግዲህ ቢወራ ምን ይላል፣ ወጥተዋላ። ዛሬ እርቃችን ነው ልጄ፣ ሮቢት ዋርካው ሥር። ላናወራ ተማምለን ነው እንጂ ላንተ መደበቃችን አልነበረም። ያልታሰረ እርቅ በአፍ ይበተናል።"

"የማን እርቅ?"

"የኛ ነዋ። የባሌ ወንድም የሰው ልጅ ገድሎ የለ? በዚህ በምንሽሩ። በጎርፍ ተራ፣ ባንድ ንግግር፣ ያ አላህ! ልጁ እዚያው ወደቀ፣ የኛውም ወደ አፋር ቆላ ሸሸ። ገዳይ ቤት ነን እኮ። የሟች ወገን በሚሄድበት መንገድ አንሄድም፣ በሚገበዩበት አንገበይም፣ ዓይናቸው ላይ መቆም ነውር ነው። ሁለት ዓመት በጓሮ ኖርን።"

የሰማኋቸው መስሏቸው ቀጠሉ። እኔ ፍራሹን ነበር የማየው። ካሳው ተቆርጦ አልቋል፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱም ሸሁም፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል። በነሱ ወግ የገደለው ጠመንጃ ከዚያች ተኩስ በኋላ ሳይወለወል ይቆያል፤ የእርቁ ቀን ሲቆረጥ ይጠራና ለሟች አባት ይሰጣል። አባትየው በሕዝብ ፊት ወደ ፀሐይ አቅንተው በአፉ ያዩታል። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት "ደሙ ወጥቷል" ይላሉ፣ እርቁም ይታሰራል። ሌላ ጠመንጃ አይተካም፤ ያው የገደለው ነው።

"ወንድሙም ሰምቶ ከጠዋት ተነሥቷል" አሉ ፍራሹን እየገለበጡ። "ከሰዓት ለአስር ሰላት ይደርሳል ኢንሻአላህ። ያንተን ውለታማ በምን እንከፍላለን?"

ምን ብዬ እንደተለየኋቸው አላስታውስም። ባጃጅ ይዤ በአስፋልቱ ወደ ሮቢት በረርኩ፤ በረርኩ ልበል እንጂ ግመሎች መንገድ ዘግተው ሲያልፉ ቆመን ጠበቅን። ባለባጃጁ ወሬውን ያወራል፣ እኔ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ "ቶሎ፣ ቶሎ" እላለሁ። ዋርካው ሥር ሁለቱ ወገኖች በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠው ከአስፋልቱ አየኋቸው። አከራዬ በባዶ እግራቸው፣ ነጠላቸውን አደግድገው በመሐል ቆመዋል። ከፊት ለፊታቸው አንድ ሽበታም ሰው ጨርቁን ከሁለቱ ጫፍ ነቅለው ምንሽሩን ወደ ሰማይ አቅንተዋል።

ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ብጮህ ይሰሙኝ ነበር። "እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። አላውቅም ማለት የማይችለው አፌ፣ እኔ ነኝ ማለትም አቃተው።

ሽበታሙ አባት ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጠመንጃውን አወረዱና የነጠላቸውን ጫፍ በትንሽ ጣታቸው ወደ አፈሙዙ ከተው አዞሩት። ሲያወጡት ነጩ ጫፍ ቀልቷል። ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። አልጮኹም፤ የንዴት ድምፅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"የልጄን ደም ይዞ ነው የመጣልኝ" አሉ።

የሟች ወገን ረድፍ ተነሣ። አንዳንዱ ወደ ዱላው፣ አንዳንዱ ትከሻው ላይ ወዳለው ጠመንጃ እጁን ሰደደ። ቄሱና ሸሁ መሐል ገብተው መሬት ወድቀው ለመኑ፤ በጭንቅ አንድ ቀጠሮ ተገኘ። ማሽላው ታጭዶ እስኪወቃ ነው። እስከዚያ ደሙ ከወጣ ወጣ፣ ካልወጣ ሽማግሌም አይገባም። እኔ ወደ ባጃጇ ተመለስኩ።

አከራዬ በእግራቸው ነበር የመጡት። ምንሽሩን ከደጄ ደረጃ ላይ አጋደሙት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ድካም ነው ያለው።

"መምህር፣ ደሙ አልወጣም አሉኝ። ሌላ ምን ይሻላል?"

ያመኑኝ ሰው ናቸው፤ አሁንም መድኃኒት ነው የሚጠይቁኝ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሞኒያውን መልሼ ማስቀመጤን፣ በረኪናውን ለምን እንዳዘዝኩ፣ አትዩት ያልኩት ለምን እንደሆነ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ብዬ ነው የለቀለቅኩት። ሲሰሙኝ አንዴም አላቋረጡኝም።

"ሰው እንዳልገድል ብለህ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ ጋሼ።"

"ብትጠይቀኝ ምን ነበር?"

ከምንሽሩ አፍ የወረደውን ቀይ ዱቄት ከደረጃው ላይ በእጄ ጠረግኩ።

"ይህን ለማንም አትንገር" አሉኝ ተነሥተው። "ለሚስቴም፣ ለወንድሜም። በኔ ግቢ የሚኖር ሰው ሆን ብሎ አበላሸው የተባለ ቀን ቀጠሮውም የለም። ንቀት ነው የሚሉት።" ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ አዩ፤ ወንድማቸው መንገድ ላይ ነው፣ መመለሱን ደግሞ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ምንሽሩን አነሡና የኋላ ብረቱን አስገቡ።

"አሁን ይተኩሳል?"

"አላውቅም" አልኳቸው። በዕድሜዬ ሳይሰነቀርብኝ የወጣው የመጀመሪያው ነው።

አከራዬ ወንድማቸውን ከመኪና ተቀብለው ጎን ለጎን እየሄዱ ይዘውት ገቡ። ያን ቀን የተኮሰ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የግቢው በር ቀንም ዝግ ነው። ወንድምየው ወደመጣበት ቆላ እንዳይመለስ መውጫው ላይ የሟች ዘመዶች እንደሚቀመጡ ሰምተናል፤ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ውሎ ሲሰለቸው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ምንሽሩን ይፈታል። ከአባታቸው ኋለኛ ሚስት የተወለደ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገደለ ሲሉኝ ማመን ያቅተኛል።

አሞኒያውን አመጣሁለት። የፈላ ውሃና ሳሙናውን፣ ቀጥሎ አሞኒያውን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል። ጥላሸቱ ለቀቀ፣ አረንጓዴውም ሰማያዊ ሆኖ በጨርቁ ላይ ወጣ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። የተበላው ብረት ግን አይመለስም፤ በመስመሮቹ መሐል የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጉድጓዶች ቀርተዋል፣ ዘይቱ ሲደርቅ ከነዚያ ውስጥ ቀይ ዱቄት ይወጣል። አላውቅም ብዬ ልሸሸው የማልችለው ነገር ይህ ነው፤ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠብቀኛል። በርሜሉን ወደ ፀሐይ አቅንቶ ይሰጠኛል።

"መምህር፣ እስቲ እየው። ነጽቷል?"

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። ትናንት ሲጠይቀኝም "ገና ነው" አልኩት። ድምፄ ሳያስታውቅብኝ አልቀረም፣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

"አብሽር መምህር፣ አንተ ምን አደረግህ? በኔ ነው የማይለቀው። የሠራሁትን እኔ አውቀዋለሁ፣ እንዲህ በቶሎማ አይወጣም።"

ለአከራዬ ቃል ገብቻለሁና በርሜሉን መለስኩለት። ጨርቁን በዘይት ነክሮ እንደገና ከሥሩ ጀመረ። ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ማጭድ እየሳሉ ነው፤ የጎረቤቶቻችን ማሽላ ከትናንት ወዲያ መታጨድ ጀምሯል።